ቅመም ያለቀባት ቅመም ነጋዴ

በቦንጋ ገበያ በዛወርቅን የማያውቃት ሰው ቢገኝ፣ ወይ ለአገሩ እንግዳ ነው ወይ ጆሮው አይሰማም ይባል ነበር። ኮረሪማውን፣ ጥምዙን፣ ዝንጅብሉንና እርዱን ደርድራ ከመደቧ ላይ ስትጣራ፣ ድምፅዋ የቅመም ተራን አልፎ፣ የጨርቅ ሱቆቹን አቋርጦ ባጃጅ መቆሚያው ድረስ ይሰማል። «ነይ እስቲ አንቺ ባለ ነጠላ! አሽትተሽ ሂጂ፣ ለማሽተት አላስከፍልም!» ትላለች። ያሸተተች ሳትገዛ አትሄድም። ሃምሳ አራት ዓመት ሞልቷታል፤ ግን ወገቧን አሥራ ከወዲያ ወዲህ ስትል ላያት የሠላሳ ዓመት ሴት ትመስል ነበር። ባሏ ሣህሌ፣ በግብርና መሥሪያ ቤት ዕድሜውን ጨርሶ ጡረታ የወጣ ረጋ ያለ ሰው፣ «እኔ ያገባሁት ሴት አይደለም፣ ሞተር ነው» እያለ ይቀልድባት ነበር።

ይህ ሞተር እንግዲህ ባለፈው ዓመት ቀስ በቀስ ይቀዘቅዝ ጀመር።

መጀመሪያ የመጣው ብርድ ነው። ቦንጋ ዝናብ ባያጣትም ፀሐይ የወጣች ዕለት ሰው ኮቱን አውልቆ በክንዱ ያንጠለጥላል። በዛወርቅ ግን በእኩለ ቀን በሹራብ ላይ ሹራብ ደርባ፣ ራሷን በሻሽ ጠምጥማ ኩርምት ትላለች። ከብርዱ ቀጥሎ እንቅልፉ መጣ። ገዢ ዋጋ እየጠየቃት ታንጎላጃለች። ፊቷ አበጥ አበጥ አለ፤ ቆዳዋ ደረቀ፤ የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ አልወጣ አለ። የሰፈሩ ሰው እንደየአመሉ ተረጎመው። «ተመችቷታል፣ ወፍራለች» አሉ አንዳንዶቹ። «ዕድሜ ነው» አሉ ሌሎቹ። ከጎኗ ቆጮ የምትሸጠው ይመኙሻል ደግሞ፣ «ዓይን ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን! ያን ሁሉ እየጮኸች እንዴት ዓይን አይገባት?» ብላ ፈረደች።

በመጨረሻ ድምፅዋ ሄደ። ሄደ ሲባል ጠፋ ማለት አይደለም፤ ወፈረ፣ ሻከረ፣ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ መሰለ። አንድ ቀን ከቢታ ገነት ኮረሪማ የምትልክላት ሴት ደወለችላት።

«ሃሎ» አለች በዛወርቅ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ እትዬ በዛወርቅን ያገናኙኝ እስቲ።»

«እኔ ነኝ።»

«ኧረ ጋሼ፣ አይቀልዱብኝ! መኪናው ሊነሣ ነው፣ ባለቤትዎን ይስጡኝ።»

የስልኩ ድምፅ ከፍ ብሎ ስለነበር ተራው በሙሉ ሰማ። ይመኙሻል ሆዷን ይዛ ሳቀች። በዛወርቅም አብራ ሳቀች፤ ግን ሳቋ መሐል ላይ ደከማትና ተወችው። ፊት ለፊት ካለው ሱቁ ደጃፍ ሆኖ የሚያያት መሐመድአሚን ብቻ አልሳቀም። መሐመድአሚን ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ አባቱ ከሥልጤ መጥተው ቦንጋ ላይ ሱቅ ከከፈቱ ጀምሮ ቤተሰቡ እዚሁ ነው። ከበዛወርቅ ጋር ሃያ ዓመት ሙሉ በየማለዳው፣ ገበያ ሳይደምቅ፣ ሚስቱ ለምያ በፔርሙስ ሞልታ የምትሰጠውን ቡና ተካፍለው ጠጥተዋል። ገበያተኛው ገለል ሲል ተሻግሮ መጣና፣ «በዛ፣ ይኼ ነገር የሚሳቅበት አይደለም። ሐኪም ዘንድ ሂጂ» አላት።

«ያልፍልኛል።»

አላለፈላትም። በሚቀጥለው ሳምንት ከገበያ ወደ ቤቷ የሚወስደውን ዳገት ስትወጣ ሦስት ጊዜ ቆመች። በሦስተኛው ላይ ደረቷን ጨመቅ ሲያደርጋት የሰው አጥር ተደግፋ ቀረች። ያን ጊዜ ታላቅ እኅቷ ወሰንየለሽ ፊቷ ድቅን አለች። ወሰንየለሽ ከሁለት ዓመት በፊት ልብስ እያጠበች ሳለ ግማሽ አካሏን መቷት፣ ሳምንት እንኳ ሳትቆይ ነው ያረፈችው። ግፊት ነው፣ የደም ሥሯ ተዘግቶ ነው ተብሎ ነበር። በዛወርቅ አጥሩን እንደያዘች፣ «የእኔም ተራ ደረሰ እንዴ?» አለች ለራሷ። ለሣህሌ ግን የነገረችው ጫማዋ እንዳስቸገራት ነበር።

ሣህሌ ጫማዋን አየ፣ ፊቷን አየ፣ ባጃጅ ጠርቶ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰዳት።

እዚያ የለካት ባለሙያ ግፊቷ ከፍ ማለቱን፣ ኮሌስትሮሏም ከሚገባው በላይ መሆኑን ነገራትና፣ «እትዬ፣ ቅቤና ጮማ በቃ!» አላት። በካፋ ምድር ለተወለደ ሰው «ቅቤ በቃ» ቀላል ቃል አይደለም። በዛወርቅ ግን እኅቷን እያሰበች እሺ አለች። ጊዜው ሁዳዴ ስለነበር መጀመሪያ ላይ አልከበዳትም። ፋሲካ መጥቶ ጎረቤቱ ሁሉ ሲፈስክ ነው ጉዱ የታየው፤ በዛወርቅ ጾሟን ቀጠለች። ሌላው ቅቤ የጠገበውን ቆጮ በክትፎ ሲጎርስ እሷ በጎመን ትበላለች። ሣህሌም፣ «አንቺ ትተሽ እኔ አልበላም» ብሎ አብሯት ጎመን ያላምጣል። ለዚህ ፍቅሩ ውስጧ እንዴት እንደተነካ አይነገርም።

ሦስት ወር ሲሞላ ተመልሳ ተመረመረች። ኮሌስትሮሏ ጨምሯል። ክብደቷም ጨምሯል።

ባለሙያው ወረቀቱን እያገላበጠ፣ «እትዬ፣ መቼም እዚህ የሚቆጣ የለም፤ አልፎ አልፎ ደበቅ አድርገው ትንሽ…»

«እኔ?» አለች በዛወርቅ፤ ያ ወፍራም ድምፅዋ ክፍሉን ሞላው። «ከፋሲካ ወዲህ ቅቤ በአፌ አልዞረም! ባሌን ጠይቀው፣ እሱም አብሮኝ ጾሟል!»

ባለሙያው ወደ ሣህሌ ዞረ። ሣህሌ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ ያዟዙር ጀመር።

«ሣህሌ?»

«እሷ እውነቷን ነው፣ አልቀመሰችም» አለ ሣህሌ መሬት መሬት እያየ። «እኔ ግን… ሁዳዴን ጾሜያለሁ። ከፋሲካ ወዲህ ሥጋ ቤት ጎራ እል ነበር።»

«ይኼን ሁሉ ጊዜ?»

«ጎመኑ አልያዘልኝም፣ በዛ።»

በዛወርቅ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ሳቅ ቀደማት። ባለሙያውም ሳቀ፤ ግን ልቡ ውስጥ ጥያቄ ሳይገባ አልቀረም። እንዲህ የጾመች ሴት ቅባቷ ለምን ይጨምራል? ወረቀት ጻፈላትና ወደ ሆስፒታሉ ላካት፤ የውስጥ ደዌ ሐኪሟን ዶክተር ኑኃሚንን እንድታይ።

ዶክተር ኑኃሚን ቀጠን ያለች፣ ከጠያቂነቷ ይልቅ ተመልካችነቷ የሚበልጥ ወጣት ናት። በዛወርቅ ገብታ ስትቀመጥ ሐኪሟ ስለ ቅቤም ስለ ኮሌስትሮልም አላነሣችም። እጇን ዘርግታ ጨበጠቻትና እጇን ሳትለቅ ቆየች።

«እጅዎ በረዶ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ከዓመት ወዲህ።»

«ድምፅዎስ? ድሮም እንዲህ ነበር?»

በዛወርቅ መልስ ሳትሰጥ ሣህሌ ገባበት። «ዶክተር፣ የዚህችን ድምፅ ብትሰሚው! ፊት እኮ ባጃጅ መቆሚያው ድረስ…»

«ቅንድብዎን ይነቅላሉ?»

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«ጫፍ ጫፉ ሳስቷል።» ዶክተር ኑኃሚን ፈገግ አለችና በዛወርቅን ወንበር ላይ አንበረከከቻት፤ እግሮቿ ከወንበሩ ጠርዝ ውጪ ተንጠለጠሉ። ከዚያ በትንሽ የላስቲክ መዶሻ ከተረከዟ በላይ ያለውን ጅማት መታ አደረገችው። እግሯ ወዲያው ተፈናጠረ፤ ወደ ቦታው ለመመለስ ግን፣ እንቅልፍ እንዳልጠገበ ሰው፣ ተጎተተ። ደግማ መታችው፤ እንደገና እንደዚያው።

«ደም ልቀዳና ወደ ጅማ እልካለሁ» አለች። «ግን ከአሁኑ አንድ ነገር እጠረጥራለሁ። የታይሮይድ ዕጢዎ የደከመ ይመስለኛል።»

«የቱ ዕጢ?»

«ይኸው እዚህ፣ ጉሮሮ ሥር ያለው። እንቅርት የሚያብጥበት።»

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!» አለ ሣህሌ ደንግጦ።

«ኧረ እንቅርት የለብኝም!» አለች በዛወርቅ አንገቷን እየዳበሰች።

«ሳያብጥም ይደክማል። ከዚያ ዕጢ የሚወጣ ሆርሞን አለ፤ ሰውነትን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። በአማርኛ ስንማር ንጥረ ቅመም ነበር የሚሉት።»

«ምን?»

«ንጥረ ቅመም።»

በዛወርቅ ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። ሣህሌ ባርኔጣውን አፉ ላይ አድርጎ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«እንግዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ቅመም ሸጬ ሸጬ፣ ቅመም አለቀብሽ ነው የምትዪኝ?»

ዶክተር ኑኃሚን የበዛወርቅን ሥራ ስለማታውቅ መጀመሪያ አልገባትም። ሲነገራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ፣ በእርጋታ አስረዳቻት። ጉበት ከደም ውስጥ ቅባትን እየለቀመ የሚያስወግደው ያ ሆርሞን ሲያዘው ነው፤ ትእዛዙ ሲቀንስ ጉበት ይዘናጋል፤ ሰውዬው ቅቤ ቢበላም ቢተውም ቅባቱ በደሙ ውስጥ ይከማቻል። ውሎ አድሮም ደምን ከልብ ወደ ሰውነት በሚያደርሱት ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ቧንቧዎቹ ራሳቸውም ልብ በመታ ቁጥር ለጠጥ፣ ላላ ማለት ነበረባቸው፤ ሆርሞኑ ሲጎድል ግን እየጠነከሩ ይሄዳሉ፤ ግፊቱም በዚያ ይነሣል።

በዛወርቅ አሁን አልሳቀችም። «እኅቴ» አለች፣ «የደም ሥሯ ተዘግቶ ነው የሞተችብኝ። እኔም እንደሷ ነኝ?»

«የእኅትዎን አላውቅም፤ አልመረመርኳቸውም። የእርስዎ ግን የጠረጠርኩት ከሆነ መድኃኒት አለው። ዕጢው ያቆመውን እኛ በክኒን እንሰጣለን። ቅባቱ ይወርዳል፣ ቧንቧዎቹም ይላላሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። በጊዜ መጥተዋል።»

«በጊዜ መጥተዋል» የሚለውን ቃል በዛወርቅ እስከ ቤቷ ድረስ በልቧ ይዛው ሄደች።

ውጤቱ ከጅማ ሲመጣ ዶክተር ኑኃሚን እንዳለችው ሆነ። ልቧን እንዳይከብደው ክኒኑን በትንሽ መጠን ጀመረችላት። «ጠዋት እንደተነሡ፣ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም አይቅመሱ። ቡናም ቢሆን።»

«ቡናም?»

«በተለይ ቡና። ክኒኑን ሰውነትዎ እንዳይወስደው ያደርጋል።»

በዛወርቅ እሺ አለች። እሺ ያለችው አፏ ብቻ ነበር። ክኒኗን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በውኃ ትውጣለች፤ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ገበያ ትደርሳለች፤ መሐመድአሚን ፔርሙሱን ይዞ ይጠብቃታል። በመጀመሪያው ቀን ስኒውን ስትቀበል ልቧ ትንሽ ፈራ። ከዚያ ግን ከራሷ ጋር ተከራክራ ረታች፦ ስኳር አልገባበትም፣ እንጀራ አይደለም፣ እህል አይደለም፤ ቡና ማለት ውኃ ነው፣ ትንሽ የጠቆረ ውኃ። ደግሞስ ቡና በተገኘበት አገር ቡና ሰው ይጎዳል?

ስድስት ሳምንት አለፈ። ብርዱ አልለቀቃትም፤ ድምፅዋም ያው ነው። ዶክተር ኑኃሚን አዲሱን ውጤት አይታ ግንባሯን ቋጠረች።

«ክኒኑን ያቋረጡበት ቀን አለ?»

«አንድም።»

«በምን ነው የሚውጡት?»

«በውኃ።»

«ከውኃው በኋላስ?»

በዛወርቅ የሻሽዋን ጫፍ አስተካከለች። ሣህሌ ጣሪያውን አየ።

«እትዬ?»

«ቡና እኮ ውኃ ነው፣ ዶክተርዬ።»

«ስንት ሰዓት ቆይተው?»

«ከቤቴ እስከ ገበያ… ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ስኳር የለውም ደግሞ!»

ዶክተር ኑኃሚን ብዕሯን አስቀመጠች። «የእኔ እናት የጊምቦ ሰው ናት። የጠዋት ቡናዋን የነካባት ሰው ምን እንደሚደርስበት አውቃለሁ። ይተዉት አላልኩም፤ ቡናው አንድ ሰዓት ይጠብቅ ነው ያልኩት። መድኃኒቱን እየዋጡ መድኃኒት እየወሰዱ አይደለም። እነዚያ ቧንቧዎች ደግሞ እስከ መቼ እንደሚታገሡዎት አላውቅም።»

በዛወርቅ አፍራ ወጣች። በማግሥቱ ገበያ ስትደርስ መሐመድአሚን ስኒውን ሞልቶ ዘረጋላት። አልተቀበለችውም። ምክንያቱን ስትነግረው ስኒው በእጁ ላይ ቀረ።

«ስድስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ የምቀዳልሽ እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ መድኃኒትሽን ያጠፋሁት!»

«አንተ ምን አውቀህ? የደበቅሁህ እኔ ነኝ።»

«ዋላሂ አልሰማም!» አለና ፔርሙሱን ከድኖ ሱቁ ውስጥ፣ ከጨርቅ ጥቅልሎቹ ጀርባ አስቀመጠው። «ከዛሬ ጀምሮ ሰዓቱ ሳይሞላ ይኼ አይከፈትም።»

«አንተ ጠጣ እንጂ! አንተን ምን አገባህ?»

«በረመዳን ሠላሳ ቀን ጀንበር እስክትጠልቅ እችላለሁ። ለአንቺ ግማሽ ሰዓት ያቅተኛል?»

ነገሩ በዚህ ቢበቃ ጥሩ ነበር። ግን ገበያ ነውና ወሬው በአንድ ጠዋት ተራውን አዳረሰ። ይመኙሻል የራሷን የቡና ጀበና ወደ ኋላ ገፋች። ዝንጅብል ሻጩ ገሠሠ ጮክ ብሎ አጉረመረመ፤ ራሴን አመመኝ አለ፤ ሆኖም ሌሎቹ እያዩት ብቻውን መጠጣቱ አሳፈረውና ተወው። በዛወርቅ ተቆጣቻቸው፣ ለመነቻቸው፤ የሚሰማት አልተገኘም። አንድ ሰዓት ላይ የመሐመድአሚን ስልክ ሲያንጫርር ተራው በሙሉ እልል ይላል፣ ስኒዎቹም ይንኳኳሉ። ከሌላ ተራ የሚያልፍ ሰው፣ «ምን ተገኘ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ከዚያ ለውጡ መጣ፤ ሲመጣ ደግሞ ሳያንኳኳ ነው። አንድ ጠዋት በዛወርቅ ሹራቧን አወለቀችና የት እንዳስቀመጠችው ረሳችው። ሌላ ቀን ቀለበቷ በሳሙና እየታገዘ ወጣ። ዶክተር ኑኃሚን መጠኑን ሁለት ጊዜ ከፍ አደረገችላት። በኅዳር አንድ ሰኞ፣ ቅመም ተራው ጭር ባለበት ሰዓት፣ አንድ የሴቶች ቡድን ሳይገዛ ሊያልፍ ሲል በዛወርቅ ሳታስበው አፏን ከፈተች፦

«እናንተ! አፍንጫ የላችሁም? ኑ አሽትቱ!»

ሴቶቹ ብቻ አይደሉም የዞሩት። ይመኙሻል የያዘችውን ቢላዋ ጣለች። መሐመድአሚን ከሱቁ ወጥቶ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ በሁለት እጁ አጨበጨበ። በዛወርቅ ጉሮሮዋን ይዛ ቆመች፤ የገዛ ድምፅዋ አስደነገጣት። ከዚያ የደስታ እንባ መጣባት፤ ሴቶቹ ደግሞ የምን ልቅሶ እንደሆነ ስላልገባቸው ደንግጠው ጥምዝ ገዙ።

በስድስተኛው ወር ዶክተር ኑኃሚን ሦስት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋች። የሆርሞኑ መጠን ተስተካክሏል። ኮሌስትሮሏ፣ ሌላ መድኃኒት ሳይታከልበት፣ ወደ ደኅናው ቦታ ወርዷል። ግፊቷም ረግቧል።

«ክኒኑ ግን የዕድሜ ልክ ነው» አለች ሐኪሟ።

«ከሣህሌ ጋር ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ክኒን ምን አላት!»

«ቅቤስ፣ ዶክተር?» አለ ሣህሌ፣ ለራሱ የሚጠይቅ ሳይመስል።

«በልክ። ለእርስዎም ጭምር። ይልቅ ወዲህ ይምጡ፣ ዛሬ እርስዎን ልለካዎት።»

የሣህሌ ግፊት ከሚስቱ በልጦ ተገኘ። በዛወርቅ መንገዱን በሙሉ ሳቀችበት፤ በማግሥቱ ግን ጨውና ጮማውን ከገበታው አነሣችለት፤ ጎመኑንም ራሷ አጠገቡ ተቀምጣ አስበላችው።

ከጥምቀት በኋላ የወንድሟ ልጅ ዝማሬ በዋጫ ከተማ ተዳረች። በዛወርቅ ከቦንጋ ሚኒባስ ተሳፍራ ስትሄድ ክኒኗን በመሀረብ ቋጥራ በጡቷ መሐል ይዛለች። በሠርጉ ዕለት ሴቶቹ መዝፈን ሲጀምሩ አንዷ ግጥም ጠፋባትና ዘፈኑ ተቋረጠ። በዛወርቅ ተቀበለቻት። መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ እያነሣች፣ እያነሣች ሄደች፤ ዳሱ ውስጥ ያለው ሕዝብ እየተቀበላት፣ የዋጫ ልጆች ጭብጨባውን እያፈጠኑባት፣ እሷ ከፊታቸው ሆና ትከሻዋን እየነቀነቀች። አንዱ ቡድን ሲደክም ሌላው ይተካል፤ እሷ ግን አልተተካችም። የሙሽራው አጎት፣ «እኒህ ሴትዮ በምን ተሠርተዋል?» አለ ላቡን እየጠረገ።

ሣህሌ ጥግ ላይ ወንበር ይዞ ተቀምጧል። ፊቱ በርቷል። በዛወርቅ ልትወስደው መጥታ እጁን ያዘችው፤ እጇ ሞቃት ነበር።

«ተነሣ።»

«ጉልበቴ፣ በዛ…»

«ጉልበትህን ሰኞ ለሐኪም እናሳያለን። አሁን ተነሣ!»